ለልጅቷ የተሠራ፣ ለቤቷ ያልተሠራ፦ ሁለት ነፃ የቬፕ ማቆሚያ አገልግሎቶች ሲገመገሙ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው በአሜሪካ የሚኖሩ ታዳጊዎች ከኒኮቲን ሱስ እንዲላቀቁ በነፃ የሚረዱ ሁለት አገልግሎቶችን ነው። አንደኛው፣ መቀመጫውን ዋሽንግተን ዲሲ ያደረገው ትሩዝ ኢኒሼቲቭ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2019 የጀመረውና በ88709 አጭር ቁጥር የሚሠራው የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ነው። ሁለተኛው፣ ዴንቨር የሚገኘውና በመተንፈሻ አካላት ሕክምና የታወቀው ናሽናል ጁዊሽ ሄልዝ ሆስፒታል በዚያው ዓመት ያቋቋመው፣ ማይ ላይፍ ማይ ኩዊት ተብሎ የሚጠራው፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ብቻ የተዘጋጀ የምክር አገልግሎት ነው። የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምኖረው በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ኦሮራ ከተማ ሲሆን የምተዳደረውም በሕክምና አስተርጓሚነት ነው። በሥራዬ የሰማሁትን የማንንም ሰው ጉዳይ እዚህ አላነሣም፤ ይሁን እንጂ አገልግሎቶቹን የምመዝንበትን ሚዛን የሰጠኝ ይኸው ሥራ ነው። አማርኛ በሚነገርበት ቤት የምትኖር፣ እናቷ ሳታውቅ ቬፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ የምታጨስ የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ከዚህ አገልግሎት ምን ታገኛለች? እናቷስ የሰማች ዕለት ምን ታገኛለች? ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ መጠየቅ የግድ ነው፤ መልሳቸው አንድ አይደለምና።

በአገር አቀፍ ደረጃ ሲታይ ነገሩ እየተሻሻለ መጥቷል። በ2019 ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል 27.5 በመቶው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይጠቀሙ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል። ይሁንና በ2024ቱ አገር አቀፍ የወጣቶች የትምባሆ ጥናት መሠረት፣ ከሚጠቀሙት ተማሪዎች መካከል ከአራቱ አንዱ በየቀኑ ያጨሳል፤ ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ደግሞ ጣዕም የተጨመረበትን ይጠቀማሉ። በቀላሉ መተው የቻሉት ትተውታል፤ ብዙዎቹም ጭራሹን አልጀመሩትም፤ ከቀሩት መካከል ግን ሱሱ ሥር የሰደደባቸው በርካቶች ናቸው። የማቆሚያ አገልግሎት መመዘን ያለበትም ለእነዚህ በሚሰጠው ጥቅም ነው።

ከቀሩት መካከል የስደተኛ ቤተሰብ ሴት ልጆችን ለይቼ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በ2016 በኢትዮጵያ በዐዋቂዎች ላይ በተደረገው የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚያጨሱት ከሴቶች 1.2 በመቶ፣ ከወንዶች 6.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የመጣች እናት በአብዛኛው ራሷ አጭሳ አታውቅም፤ የምታጨስ ሴትም ከቅርብ ዘመዶቿ መካከል አታውቅም። እሷ በምታውቀው ሰፈር ከሱቅ ደጃፍ ሲጋራ በፍሬ የሚገዛው ወንድ ነው፤ የምታጨስ ሴት ብትኖርም ስሟ ከመጠጥ ቤት ጋር ተያይዞ ይነሣል። ስለ ስደተኞች ጤና የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት፣ አዲስ መጤዎች በአማካይ ከአገሬው ሰው ያነሰ እንደሚያጨሱ፣ ይህ ጥበቃ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየሳሳ እንደሚሄድ ነው። በተለይ ከላቲን አሜሪካና ከእስያ በመጡ ቤተሰቦች ላይ በተደረጉት ጥናቶች፣ ከአሜሪካ ኑሮ ጋር ይበልጥ የተዋሐዱት ሴቶች ካልተዋሐዱት ይልቅ ሲያጨሱ ታይተዋል። እናትየዋን ይጠብቃት የነበረው ስለ ኒኮቲን ያላት እውቀት ሳይሆን ነውሩ ነበር፤ ልጅቷ ከክፍል ጓደኞቿ ዘንድ ስትደርስ ነውሩ ይቀራል፣ በምትኩ የገባ እውቀት ግን የለም።

የትምባሆ ሻጮች ይህን ክፍተት ከማንም ቀድመው ያውቁታል። በ1929 ኒውዮርክ ውስጥ በፋሲካ ሰልፍ ላይ ወጣት ሴቶች ሲጋራ እየለኮሱ እንዲሄዱ ያደረጉትና የነፃነት ችቦ ብለው የሰየሙት የማስታወቂያ ሰዎች ናቸው፤ በ1968 ደግሞ ለሴቶች ብቻ ተብሎ የተቀጠነ ሲጋራ፣ ቨርጂኒያ ስሊምስ፣ የሴቶች መብት ትግል በተፋፋመበት ጊዜ ገበያ ላይ ዋለ። የዛሬው የማንጎና የሐብሐብ ጣዕም ቬፕ ያንን ያህል መፈክር እንኳ አያስፈልገውም። እናት ሲጋራን የምታውቀው በጠረኑ ነው፤ ከልብስና ከፀጉር የማይለቅ ጠረን። ቬፕ ግን እንደ ማስቲካ ይሸታል፣ የኮምፒውተር ፍላሽ ያህላል፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሻወሩ እንፋሎት ጋር ይጠፋል። በእናትየዋ እጅ ያለው መለያ ሁሉ ላለፈው ዘመን የተሠራ ነው።

ሺሻውም አለ። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተከልክለዋል፤ እዚህ ግን ሺሻ ቤት በብዙ ከተሞች ከሐበሻ ምግብ ቤቶች በማይርቅ መንገድ ላይ ይገኛል፣ ልደትና ምርቃትም ይከበርበታል። ውኃው ስለሚያጣራው አይጎዳም የሚለው እምነት ከልጆቹ አልፎ በአንዳንድ ወላጆችም ዘንድ አለ። ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም፤ አንድ ሰዓት በሚፈጅ የሺሻ ቆይታ ወደ ውስጥ የሚሳበው ጢስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ እጥፍ በላይ ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ለብቻው ተጨማሪ አደጋ ነው። የሺሻን ነገር ያነሣሁት ለግምገማው ስለሚያስፈልገኝ ነው፤ ሁለቱም አገልግሎቶች በዋናነት የተነደፉት ቬፕን ታሳቢ አድርገው ሲሆን፣ ቅዳሜ ማታ ከዘመድ ልጆች ጋር ሺሻ ለምትስብ ልጅ የሚናገሩት ነገር ሲበዛ ጥቂት ነው።

ወደ መጀመሪያው አገልግሎት ልግባ። የ88709 አገልግሎት የተሠራው ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 24 ለሆነ ወጣቶች ነው። አጠቃቀሙ ከዚህ በላይ ሊቀል አይችልም፤ ልጅቷ የመግቢያ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ወደ ቁጥሩ ትልካለች፣ ዕድሜዋን ትጠየቃለች፣ ለማቆም ያሰበችበትን ቀን ትናገራለች፣ ከዚያ በኋላ መልእክቶቹ ለሳምንታት ይከታተሏታል። የምታቆምበትን ቀን ከወሰነች መልእክቶቹ ከዚያ ቀን ጋር ተያይዘው ይመጣሉ፤ ገና ካልቆረጠች ደግሞ ሳይጫኗት የሚያዘጋጇት ይደርሷታል። መልእክት እስኪመጣ መጠበቅ ያልቻለች ጊዜ፣ ማለትም አምሮቱ ሲነሣባት፣ ሲጨንቃት ወይም አንድ ጊዜ ስታ ያጨሰች ዕለት፣ ኮፕ፣ ስትሬስ ወይም ስሊፕ ከሚሉት ቃላት አንዱን ብትልክ ወዲያው ምላሽ ታገኛለች። ከሚደርሷት መልእክቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው ለማቆም ከሞከሩ ወጣቶች የተገኙ ናቸው፤ የድርጅቱ ጥበብም እዚህ ላይ ይታየኛል፣ ምክንያቱም ዐዋቂ የጻፈውን ምክር ታዳጊዎች ከመጀመሪያው መስመር ይለዩታል። የመግቢያ ቃሎቹና የፕሮግራሞቹ ስያሜ በየጊዜው ስለሚቀያየሩ ከመላኩ በፊት የድርጅቱን ድረ ገጽ ማየት ይበጃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በማሽን ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ የሚጽፍላት ሰው የለም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ለዚህች ልጅ ትልቁ በጎ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ገበና በሚከበርበትና ሁሉም ሰው የሁሉንም ዘመድ በሚያውቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ ለምትኖር ልጅ፣ ሰው ያለመኖሩ ራሱ መተማመኛ ነው። ድምፅዋን የሚለይ የለም። ስሟን ሰምቶ የእገሌ ልጅ ነሽ ወይ የሚላት የለም። ማንም ሳያይ ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት መላክ ትችላለች።

ውጤቱስ? ከእንደዚህ ዓይነት አገልግሎቶች መካከል ይህ ከሌሎቹ የሚለየው በትክክለኛ የንጽጽር ጥናት የተፈተነ በመሆኑ ነው። በ2021 ከ18 እስከ 24 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ በታተመው ጥናት፣ ከሰባት ወር በኋላ አቁመው የተገኙት አገልግሎቱን ካገኙት 24.1 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 18.6 በመቶ ነበሩ። በ2024 ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,503 ታዳጊዎች ላይ የተደረገው ሁለተኛው ጥናት የተሻለ ውጤት አሳየ፤ 37.8 በመቶ በአንድ ወገን፣ 28.0 በመቶ በሌላ ወገን። ይህን እንዳለ ማንበብ ያስፈልጋል። ከመቶ ልጆች ወደ አሥር የሚጠጉ ተጨማሪ ልጆች አቁመዋል ማለት ነው፤ ከስልሳ በላይ የሚሆኑት ግን በሰባተኛው ወርም አላቆሙም፤ ማቆማቸው የታወቀውም በራሳቸው ቃል ነው። ጥናቶቹን የመሩት የድርጅቱ የራሱ ተመራማሪዎች መሆናቸውንም አንባቢ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ሆኖም ያሳተሟቸው ጥብቅ ግምገማ የሚደረግባቸው የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔቶች በመሆናቸው እኔ እንደ ነውር አልቆጥረውም። ምንም ላልተከፈለበትና ከስልክ በቀር ምንም ለማይጠይቅ ነገር፣ ከመቶ አሥር ልጅ ቀላል አይደለም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከልጅቷ ስልክ ውጭ ነው። በዚህ ዓይነት አገልግሎቶች ዘንድ የተለመደው ምክር፣ ለምታምኚው ሰው ንገሪና ይደግፍሽ የሚል ነው። ምክሩ በራሱ ትክክል ነው፤ ብቻውን ከሚታገል ይልቅ አጋዥ ያለው የተሻለ ዕድል አለው። ነገር ግን ከኋላው ያለው የቤተሰብ ሥዕል፣ እናት ለጥቂት ጊዜ ተቆጥታ ኋላ አቅፋ የምታጽናናበት ነው። በእኛ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቅጣት ስልክ መቀማት ነው፤ ስልኩ ሲቀማ ደግሞ አገልግሎቱ አብሮ ይቋረጣል፤ እንዲያውም በጣም በሚያስፈልግበት፣ የማቆም ምልክቶቹ በሚበረቱባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ቀኖች። በስልክ ብቻ የቆመ እርዳታ፣ ስልክ የቅጣት መሣሪያ በሆነበት ቤት ምን ያህል ሊጸና እንደሚችል የአገልግሎቱ ቀራጮች ያሰቡበት አይመስልም። ድርጅቱ ለወላጆች የሚሆን የተለየ የመልእክት አገልግሎት አውጥቶ ነበር፤ ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ፣ መልእክቱን ለእናትየዋ የምታነብላት ያችው ልጅ ትሆናለች።

ይህ የመጨረሻው ነገር እንደ ቀልድ ቢመስልም በየትምህርት ቤቱ የሚደርስ ነው። ልጅቷ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቬፕ ይዛ ትገኛለች፤ ትምህርት ቤቱ ለወላጅ ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይልካል፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ በደንብ የምታነበው እሷው ናትና ጥፋቷን ራሷ ትተረጉማለች፣ ማለትም የፈለገችውን ያህል። ሕክምና ተቋማት በ2016 በወጣው የፌደራል ደንብ መሠረት ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጆችን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ተከልክለዋል፤ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው። በሥራ ላይ ሲውል ግን፣ የወላጅ ስልክ በሥራ ሰዓት አይነሣም፣ አስተርጓሚ በቶሎ አይገኝም፣ እናም ነገሩ በልጅቷ እጅ ያልቃል። የሁለቱም አገልግሎቶች ድረ ገጾች ትምህርት ቤቶችን በአጋርነት የሚመለከቱ ከሆነ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተዘጋጀች የአንድ ገጽ ማብራሪያ ለወላጅ መስጠት ምን ያህል ይከብዳል ብዬ መጠየቄ አልቀረም።

ማይ ላይፍ ማይ ኩዊት ከዚህ የሚለየው ሰው ስላለበት ነው። ልጅቷ ስታርት ማይ ኩዊት ብላ ወደ 36072 ብትልክ፣ ወይም ብትደውል፣ ወይም በድረ ገጹ ብትገባ፣ ታዳጊዎችን ለማማከር ተለይተው የሠለጠኑ አማካሪዎች ያገኟታል። አገልግሎቱ አምስት የምክር ጊዜዎች አሉት፤ በስልክ ማውራት የማትፈልግ በጽሑፍ ልውውጥ ልትጨርሰው ትችላለች። ይህ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ልጆች በአንድ መኝታ ክፍል በሚተኙበት አፓርታማ ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ስለ ሱስ መናገር አይታሰብም። አማካሪው ይጠይቃል፣ ልጅቷ ትመልሳለች፣ ከዚያም መቼና የት እንደምታጨስ ተነጋግረው በዚያ መሠረት ዕቅድ ያወጣሉ። አገልግሎቱ በሁሉም ክፍለ ግዛት አይሰጥም፤ ኮሎራዶና ሚኒሶታ ውስጥ አለ፤ ሌላ ቦታ የሚኖር ሰው 1-800-784-8669 ቢደውል የክፍለ ግዛቱን የማቆሚያ መስመር፣ ማለትም የስልክ ምክር አገልግሎት፣ ያገኛል።

መቼና የት የሚለው ጥያቄ ለሴት ልጆች ትልቅ ቦታ አለው። ታዳጊ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ኒኮቲንን ከስሜት ጋር፣ በተለይም ከጭንቀትና ከሐዘን ጋር አያይዘው እንደሚጠቀሙ፣ ከክብደት ጋርም እንደሚያገናኙት በሰፊው ይታወቃል። ይህን ወደ ሐበሻ ቤት ስናመጣው የራሱን መልክ ይይዛል። ታላቅ ሴት ልጅ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ የአባቷን የኢንሹራንስ ደብዳቤ ትሞላለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፤ ወንድሟ በዚያ ሰዓት ኳስ ሜዳ ነው። በዚህ መካከል መታጠቢያ ቤት ገብታ በር የምትቆልፍባት ጥቂት ደቂቃ የራሷ የሆነች ብቸኛ ጊዜዋ ልትሆን ትችላለች፤ ቬፑም ከዚያች ደቂቃ ጋር ይጣበቃል። ስታቆም ምግብ ያሰኛታል፤ ትንሽ ክብደት መጨመርም ያጋጥማል፤ በሚቀጥለው ሰርግ ወይም ክርስትና ላይ ደግሞ አክስቶቿ ወፈርሽ ማለታቸው አይቀርም። በፍቅር የተነገረች ያቺ ቃል ከስንት ሳምንት ትግል በኋላ ወደ ቬፑ ልትመልሳት እንደምትችል የሚያውቅ አማካሪ ያስፈልጋታል። ሰው ያለበት አገልግሎት ቢያንስ ይህን ሊሰማት ይችላል፤ ማሽኑ አይችልም። የሰውየው ወይም የሴትየዋ የባህል እውቀት ግን በዕድል የሚገኝ ነው።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ የልጆች ሐኪም ግን ሱሱ ከበረታ ሊያዝ ይችላል፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ይህን ይደግፋል። ወደ ሐኪም መሄድ ሲነሣ አንድ የተለመደ አለመግባባት አለ፤ ሐኪሙ ወላጅን ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ እንዲወጣ ይጠይቃል፣ ወላጅም እንደ ንቀት ይወስደዋል። የዚያች ጥቂት ደቂቃ ጥቅም ልጅቷ ስለ ቬፕ የምትናገርባት መሆኗ ነው። በተጨማሪም የሴቶች ሰውነት ኒኮቲንን ከወንዶች በፈጠነ ሁኔታ ያስወግዳል፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል፤ ሲጋራ ለምታጨስ ሴትም ያው ክኒን የደም መርጋት አደጋን ይጨምራል። ሐኪሙ ሁለቱንም ለማወቅ ልጅቷን ብቻዋን ማናገር አለበት።

አሁን ወደ ቋንቋው ልመለስ፤ ግምገማዬን የሚወስነው እሱ ነውና። በቋንቋ የተሰጠ ምክር ዋጋ እንዳለው በማስረጃ የታወቀ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የሚመራው የእስያውያን የማቆሚያ መስመር በቻይንኛ፣ በኮሪያኛና በቬትናምኛ ይሠራል፤ በ2012 በታተመው ጥናት፣ በገዛ ቋንቋቸው የስልክ ምክር ካገኙት 16.4 በመቶው ለስድስት ወር አቁመው ሲቆዩ፣ የጽሑፍ መረጃ ብቻ ካገኙት የቆዩት 8.0 በመቶ ነበሩ፤ እጥፍ ማለት ነው። ናሽናል ጁዊሽ ሄልዝ ራሱም ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተለየ መርሐ ግብር አዘጋጅቷል፤ ስለዚህ ለአንድ ማኅበረሰብ ለይቶ መሥራት ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ለአማርኛ ተናጋሪ ያለው አማራጭ ግን ወደ ማቆሚያ መስመሩ ደውሎ አስተርጓሚ በመስመሩ እንዲገባ መጠየቅ ነው። ይህን ሥራ ከውስጥ ስለማውቀው እናገራለሁ፦ አስተርጓሚው ጥሩ ቢሆንም እንኳ ሦስት ሰው በሚያወራበት ስልክ ላይ ዝምታ ቦታ የለውም፤ የምክር ሥራ ግማሹ ደግሞ ዝምታ ነው።

ይህን ብዬ ግን፣ መፍትሔው ለልጅቷ አማርኛ የሚናገር አማካሪ መመደብ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም። አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች በአንድ ከተማ ውስጥ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አማካሪው በእሑድ ቅዳሴ ከእናቷ አጠገብ የሚቆም ሰው ሊሆን ይችላል። ምስጢር የመጠበቅ መሐላ ቢኖርበትም ልጅቷ አታምነውም፣ አይፈረድባትምም። ለእሷ እንግሊዝኛው መሸሸጊያዋ ነው፤ ማንም ሐበሻ የማይሰማበት ክፍል ማለት ነው። አማርኛው የሚያስፈልገው ለእናትየዋ ነው። እናትየዋ ማወቅ የሚያስፈልጋት የትኛው ዕቃ ቬፕ እንደሆነ፣ አንዱ ዕቃ ብቻ የበርካታ ፓኬት ሲጋራ ኒኮቲን ሊይዝ እንደሚችል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅቷ ስታቆም ምን እንደምትመስል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ትነጫነጫለች፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ ሐሳቧን መሰብሰብ ያቅታታል፣ በትንሽ በትልቁ ታኮርፋለች፤ ይህም በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ያልተነገራት እናት የምታየው ጥጋብና ንቀት ብቻ ነው፤ የምትሰጠውም የጥጋብን መልስ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ለመዳን በምትሞክርበት ሳምንት ከቤቷ ጋር ትጣላለች። ከሁለቱ አገልግሎቶች አንዱም ይህን አይከላከልላትም።

የአስተያየቴ መጠቅለያ ኮከብ እንዲሆን ለሚፈልጉ፣ የ88709 አገልግሎት ለልጅቷ ከአምስት አራት፣ ለቤተሰቧ አንድ እሰጠዋለሁ። ማይ ላይፍ ማይ ኩዊት ለልጅቷ አራት ከግማሽ ይገባዋል፤ በአስተርጓሚም ቢሆን በዚያው ተቋም በሚመራው የኮሎራዶ መስመር ዐዋቂ ማነጋገር ስለሚቻል ለቤተሰቧ ሁለት ሰጥቼዋለሁ። ገና ለማቆም ያልቆረጠችውን፣ ወይም ስሟን ለማንም መናገር የምትፈራውን ልጅ ወደ መጀመሪያው እመራታለሁ፤ በየቀኑ የምታጨሰውንና ብቻዋን ሞክራ ያገረሸባትን ግን በቀጥታ ወደ ሁለተኛው። ሁለቱን አብሮ መጠቀም የሚከለክል ነገር የለም።

ለልጆቹ አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙ ቤት የልጆች ስልክና የሳሎኑ ታብሌት በአንድ የቤተሰብ መለያ የተያያዙ ስለሆኑ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ታናሽ ወንድም ካርቱን በሚያይበት ታብሌት ላይም ብቅ ይላል፤ ከመመዝገብ በፊት ይህን ማጥፋት ያስፈልጋል። ለወላጆች ደግሞ፣ ስልክ መቀማቱ የማይቀር ከሆነ ቢያንስ የጽሑፍ መልእክት የሚቀበል ቀላል ስልክ በምትኩ ይስጡ። ከትምህርት ቤት የመጣን ደብዳቤ ልጅቷ እንድታነብላችሁ ከማድረግ ይልቅ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውላችሁ በአማርኛ አስተርጓሚ ይነገረኝ ማለት መብታችሁ ነው፤ ለዚህም የሚከፈል ገንዘብ የለም።